በንጉሡ ሠ የጻፍኩት ስም

ማስተዋል ፊደል ያስቆጠረችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እኔ ያን ጊዜ አምሳ አምስት አልፎኛል። አንድ ቀን ከኮኪት ትምህርት ቤት ወላጅ ይፈርምበት የተባለ ወረቀት ይዛ መጣች። እናቷ፣ የእኔ ልጅ አሰፋች፣ ገዳሪፍ ሥራ አለ ሲሏት ድንበሩን ከተሻገረች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ፈራሚዋ እንግዲህ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ ስጫን፣ አንዱ አስተማሪ ለጓደኛው «አያትየዋ በጣታቸው ነው የሚጽፉ» ብሎ ሳቀ። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። ማስተዋል ግን አላለፈችውም። ቤት ስንገባ ነጭ ጆንያ ገልብጣ መሬት ላይ አነጠፈችና ከምድጃው ከሰል አነሳች።

«እማይ፣ ቁጭ በይ።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ተማሪ።»

እኔን «አንቺ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ «እርስዎ» ይለኛል። እሷን ግን ከጡት ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝና በእናቷ ቦታ አስቀመጠችኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ሀ ብለን ጀመርን፤ ለ አልን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ቆምኩ።

«ይሄስ?»

«ሐ።»

«ቅድምስ ሀ አላልሽኝም?»

«እሱ ሃሌታው ነው። ይሄ ሐመሩ ነው። ወደ ታች ደግሞ ብዙኃኑ ኀ የሚባል አለ።»

«ድምፃቸውስ?»

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ለምን ሦስት አደረጓቸው?»

«እማይ፣ እኔ ነኝ እንዴ ያደረግኋቸው? አንድ ናቸው። ደስ ያለሽን ጻፊ፣ ማንም አይቆጣሽም።»

ሠ እና ሰ ላይም እንዲሁ ሆነ። አንዱ ንጉሡ ሠ፣ አንዱ እሳቱ ሰ፤ ድምፃቸው አንድ። እኔ ንጉሡን ወደድኩት። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የቆመ ሰው ይመስላል። እሳቱ ሰ ግን ባርኔጣ አድርጎ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ከዚያ ወዲህ የማከብረውን ሰው ስም ስጽፍ በንጉሡ ሠ መጻፍ ለመድኩ። ማስተዋል እያየች ትስቃለች፤ አንድም ቀን አላረመችኝም።

እንዲህ ሆና አደገች። አስረኛ ክፍል ስትጨርስ ጎንደር ሄዳ ኮምፒውተር ተማረች። ሁለት ዓመት። ስትመለስ መተማ ዮሐንስ ላይ የካላዛር ምርመራ የሚያደርግ አንድ ቡድን ቀጠራት። ካላዛር የዚህ ቆላ በሽታ ነው። የጥቁር አፈሩ ስንጥቅ ውስጥና የግራሩ ሥር የምታድር ደቃቃ ዝንብ ናት የምታመጣው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ሠራተኞች ሜዳ ላይ ስለሚተኙ እነሱን ትበላለች። ሰውየው ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ጣፊያው ያብጣል። በመርፌ ከታከመ ይድናል። ካልታከመ ይሞታል። ከዚህ የሚያልፍ ነገር የለውም።

የማስተዋል ሥራ በሽተኛ መንካት አልነበረም፤ ዝርዝር መያዝ ነው። ማን ተመረመረ፣ የት እርሻ ላይ ነው፣ ውጤቱ ምን ሆነ። እኔ ኮኪት መንገድ ዳር ሻይ የምሸጥባት ዳስ አለችኝ። እሑድ እሑድ እዚያ መጥታ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ታደርግና ጥቁር ሰሌዳ ትከፍታለች። ሥዕል የለው፣ መስኮት የለው፤ ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ሌሎቹ የቢሮው ልጆች በኢንተርኔት የሚሠራ ሌላ ነገር አላቸው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን፣ እዚህ ደግሞ ኔትወርክ ወር ሙሉ ይጠፋል፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። የእሷ ጥቁር ሰሌዳ ምንም አይፈልግም። አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ቁልፉን ትመታለች፣ ያልቃል።

አንድ እሑድ «ምን እያልሽው ነው?» አልኳት።

«ሁለት ዝርዝር አለኝ እማይ። አንዱ ላይ ስምና የሚሠራበት እርሻ፤ ሌላው ላይ ስምና የደም ውጤት። አንድ ላይ ላድርጋቸው ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም በፊደል ተራ አስይዛለሁ፤ ሶርት ይባላል። ከዚያ ጆይን እለዋለሁ። ከዚህም ከዚያም ስሙን እያየ የገጠመለትን ጎን ለጎን ያደርገዋል።»

«ያልገጠመለትንስ?»

«ይተወዋል።»

«አይጮኽም? ‘ይሄ ጓደኛ አጣ’ አይልም?»

«በል ካላልኩት አይልም። ዝም ብሎ ይተወዋል።»

«ባለጌ ነው» አልኩ። ሳቀች። ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠው የጭነት መኪና ሹፌሩ አብዱረሕማንም ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ የእኛን አሠሪ ይመስላል። ቀን ሙሉ ስትሠራ ያይሃል፣ የቀረህ ቀን ግን የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም» አለ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ቡድኑ ከኮኪት ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ፣ ሠራተኞቹ ወደሚያድሩበት ካምቦ፣ ሊሄድ ተነሣ። ስም የሚመዘግበው ልጅ በሸኸዲ በኩል መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ነርሷ ሲስተር ሩፊዳ ደም ትቀዳለች፣ ማስተዋል ብልቃጥ ታቀብላለች፣ ጽሕፈቱን የሚይዝ የለም።

«አያቴ ትጽፋለች» አለች ማስተዋል።

ኀላፊው አቶ ደረበ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ይችላሉ?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለችው፤ ኮራ ብላ። ያን ቀን በእሷ ኩራት እኔ ደግሞ ኮራሁ።

ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተደርጎልኝ ተቀመጥኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። የወሎው፣ የጎጃሙ፣ የበለሳው፤ እያንዳንዱ ማጭዱን ወገቡ ላይ ሽጦ። ሰሊጥ ሊጭን የመጣው አብዱረሕማንም ተሰልፏል። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ። በእጄ እየጻፍኩ ነው። ሩፊዳ በበኩሏ ያንኑ ስም በማይጠፋ እስክሪብቶ ብልቃጡ ላይ ትጽፋለች። ብልቃጡ ላይ ቁጥርም ተለጥፎበታል።

አለምሰገድ ቸሩ ከሰልፉ መካከል ነበረ። ረጅም፣ ሸሚዙ ከሌላ ሰው የተዋሰው የሚመስል። ዓይኑ ቢጫ ብሏል። ከንግግሩ ጎጃሜ መሆኑ ያስታውቃል።

«ዕድሜህስ?» አልኩት።

«እንጃ እማማ። እናቴ ቀዩ በሬ የተወለደ ዓመት ትላለች። በሬው ደግሞ ተሸጠ።»

ኋላው ያሉት ሳቁ። «ሀያ ሦስት ይበሉት እማማ፣ ለሚስት ፍለጋ እንዲመቸው» አለ አንዱ።

«እኔማ ያተኩሰኛል» አለኝ አለምሰገድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወር ሊሆነው ነው። ለአሠሪው እንዳይነግሩብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ? ደምህን ስጥ እንጂ።»

«ውጤቱ ሲመጣስ በምን አውቃለሁ?»

«የታመመው በስሙ ይጠራል። እኔው እጄ ጽፎሃል፤ ትጠራለህ።»

ስሙን ስጽፍ ቆም ብዬ አሰብኩ። ዓለም የሰገደለት፤ እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ እንዲህ ከስቶ። አዘንኩለት። ሌላ የምሰጠው ስለሌለኝ ከመካከል ያለችውን ፊደል በንጉሡ ሠ ጻፍኩለት። አለምሠገድ። አምሮ ወጣ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየውና «የኔ ስም ይሄ ነው? ያምራል» አለ። ማንበብ አይችልም።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ጻፍኩ። ማስተዋል ደብተሬን ወስዳ በላፕቶፕ ገለበጠችው። ሩፊዳ ጽሑፉን አይታ «ሁሉን እንዲህ እያቀያየሩ ጽፈውታል፣ አስተካክይው» ብላት ነበር። ማስተዋል «አያቴ እንደጻፈችው ነው የምገለብጠው» አለች። አንዲት ፊደል አልነካችም። ይህን ያደረገችው ለክብሬ ነው።

ደሙ ጎንደር ሄደ። መንገድ ላይ የበረዶው ውኃ የተለጠፈውን ቁጥር አላቀቀው፤ በማይጠፋው እስክሪብቶ የተጻፈው ስም ብቻ ቀረ። ላቦራቶሪው ውጤቱን በስም አድርጎ ላከው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደረሰ። ኔትወርክ የለም። ማስተዋል ጥቁር ሰሌዳዋን ከፈተች፣ ስሙንና የአባት ስሙን በሰረዝ አያይዛ እንደ አንድ ቃል አደረገች፣ ሁለቱንም ዝርዝር ተራ አስያዘች፣ ጆይን አለችው።

ቆጠረች። መቶ ዘጠና ሰባት።

ወደ አቶ ደረበ ሄደች። በኋላ የነገረችኝን ነው የምጽፈው።

«አሥራ ሰባት ሰው ጎድሏል።»

«ጥለው የሄዱ ይሆናሉ።»

«ደም ሰጥተው እንዴት ጥለው ይሄዳሉ? ስማቸው አልገጠመም ማለት ነው። አንድ ቀን ይስጡኝና ልየው።»

«ማስተዋል፣ መንገዱ ዛሬ ነው የተከፈተው። መኪናው ዛሬ ካልወጣ እነዚህንም አናገኝም። የተገኙትን አውጪልኝ። የቀሩትን ስትመለሺ ታያቸዋለሽ።»

ከተገኙት ውስጥ በሽታው ያለባቸውን ለየች። አሥራ አንድ ሆኑ። «እሺ» ብላ ዝርዝሩን ሰጠችው። የላቦራቶሪውን ዝርዝር ብቻውን ቆጥራ ቢሆን በሽታው ያለባቸው አሥራ ሁለት እንደሆኑ ታይ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ እያነሣች ትጥላለች። ቸኩላ ነበር፤ አለቃዋ ቆሞ፣ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቋታል።

መኪናው የቆመው የእኔ ዳስ ፊት ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ስለሆነ። አቶ ደረበ በድምፅ ማጉያ አሥራ አንድ ስም ጠራ። የተጠራው አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ማጭዱን ለጓደኛው አስረክቦ መኪና ላይ ይወጣል። አለምሰገድ ከዳር ቆሞ ጆሮውን አቅንቶ ይሰማል። ስሞቹ አለቁ። መኪናው ሄደ። ወደ እኔ መጣ፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«አልተጠራሁም እማማ! ነጻ ነኝ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አልኩት።

«ወባ ነው እንግዲህ። ወባ ምን አላት።»

«ምንም የላት፣ ትለቅሃለች።»

ሻይ ቀዳሁለት።  ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳት አዲስ ቀዳዳ አለች፤ አየኋት። አይቼ ግን «አልተጠራም» አልኩ በልቤ። ከዓይኔ ይልቅ ዝርዝሩን አመንኩ። ሰሊጡ አልቋልና ለማሽላ ቆረጣ ወደ ገለጉ ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ። መርቄ ሸኘሁት።

ማስተዋል የታመሙትን አስተኝታ፣ ወረቀታቸውን ሞልታ፣ መንገዱ እንደገና ተዘግቶ እንደገና ተከፍቶ፣ በዘጠነኛው ቀን መጣች። እሑድ ከቀትር በፊት ነው። ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብላ ላፕቶፑን ከፈተች።

«አሁን ጓደኛ ያጡትን አውጣ ልለው ነው» አለችኝ። «ያኔ ‘አይጮኽም ወይ’ ያልሽኝን።»

ከዚህ በኩል አሥራ ሰባት ስም ወጣ። ከዚያ በኩልም አሥራ ሰባት። ጎን ለጎን አደረገቻቸው። 

«እማይ፣ እያበድኩ ነው እንዴ? ኃይሉ እዚህ አለ፣ ኃይሉ እዚያ አለ። ፀጋው እዚህ፣ ፀጋው እዚያ። አብዱረሕማን እዚህ፣ አብዱረሕማን እዚያ። አለምሰገድ ቸሩ እዚህ አለ፣ እዚያ አለ። ለምን አልገጠመለትም?»

«ፊደሉን ተለቅ አድርጊልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

አተለቀችው። በአንዱ በኩል ባርኔጣ ያደረገው መንገደኛ። በሌላው በኩል እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋው ንጉሥ። የእኔ እጅ ሥራ።

«ይሄ ሠ ያ ሰ አይደለም» አልኩ።

«አንድ ናቸው እኮ» አለች፤ ልክ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እንዳለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኛ ስናነብ አንድ እናደርጋቸዋለን፤ ማሽኑ ድምፅ የለውም፣ መልካቸውን ብቻ ነው የሚያይ። መልካቸው ሁለት ነው።

ከዚያ ጣቷ ወደ ውጤቱ ሄደ። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ ስድስቱ ነጻ ናቸው። አንዱ አይደለም።

«አለምሰገድ ቸሩ የት ነው ያለው?»

«ገለጉ» አልኩ። «መርቄ ሸኘሁት።»

ወደ ስልኩ ደወለች፤ ዝግ ነው። አቶ ደረበ ጋር ደወለች፤ መኪና የለም፣ ሰኞ ይታያል አለ። አብዱረሕማን ሻዩን ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ ነገ ገለጉ ማሽላ ልጭን ልሄድ ነበር። ለምን ነገ? ዛሬ እሄዳለሁ። ተነሡ።»

«የአንተም ስም ጠፍቶ ነበር» አለችው ማስተዋል።

«የኔስ ምን አለ?»

«ነጻ ነህ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደስታውን ግን ዋጠው። «በሉ ውጡ።»

እኔም ወጣሁ። ማስተዋል «አንቺ መልኩን ታውቂያለሽ» አለችኝ እንጂ የምሄደው ለዚያ አልነበረም። ብቻዋን እንዲህ ያለ መንገድ አትሄድም ብዬ ነው። ገደሉን፣ ደረቁን ወንዝ፣ ድንጋዩን ሁሉ አለፍን። መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን ትያለሽ ስላት «አሥራ ሁለት» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። አንድ ኬላ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆምን። በማግስቱ ቀትር ላይ ደረስን።

የማሽላው ማሳ ዳር ካለች ዳስ ጥላ ሥር ተኝቶ አገኘነው። ጓደኞቹ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አድርገውለታል። አፍንጫው እየደማ ነው፤ ሆዱ አንድ ጎኑን አብጦ፣ እግሩ የማሽላ አገዳ ሆኗል። አወቀኝ።

«እማማ ውባንች! ምን እግር ጣለዎት?»

«ልንወስድህ መጥተን ነው።»

«ስሜ ወጣ እንዴ?»

ማስተዋል አጠገቡ ተንበረከከች። መዋሸት ትችል ነበር። «አዲስ ምርመራ ነው» ብትለው ማን ይጠይቃታል?

«ያኔም ነበረ» አለችው። «ሳንጠራህ ቀርተን ነው። ስሕተቱ የእኛ ነው።»

ትንሽ አሰበ። «ቆሜ ነበር እኮ» አለ። «እዚያው ቆሜ ነበር፤ ብትጠሩኝ እሰማ ነበር።» ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለን ነበር።

አብዱረሕማን ማሽላውን ሳይጭን አለምሰገድን ጭኖ ተመለሰ። የኋላው ላይ አሮጌ ፍራሽ አነጠፍን። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነው። ሲነቃ ስለ እናቱና ስለ ቀዩ በሬ ያወራል፤ ሲተኛ እኔ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። መተማ ዮሐንስ ደርሶ መርፌ ተጀመረለት። ሐኪሙ ማስተዋልን ወደ ጎን ጠርቶ «ከአሥር ቀን በፊት ቢሆን» አላት። በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ሞተ።

አቶ ደረበ ማስተዋልን ማብራሪያ ጻፊ አላት። ጻፈች። አሥራ ሰባት ጎድሎ እንደነበርና እንዳሳወቀች አልጻፈችም። ለምን ስላት «ብጽፈው አቶ ደረበ ይነሣል እንጂ አለምሰገድ አይነሣም» አለችኝ። እኔ ግን አልቻልኩም። ነጠላዬን ለብሼ ቢሮው ሄድኩ።

«እንዴት ዋሉ እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ስሙን እንዲያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ የጻፍኩትን ነው የገለበጠች። ጥፋቱን በእኔ ጻፍልኝ።»

ብዕሩን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ አሻሸ። ክፉ ሰው አልነበረም። የደከመ ሰው ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ሠራተኛችን አይደሉም። ስምዎ እኛ ጋ የለም። በሌለ ስም ሪፖርት እንዴት ልጻፍ?»

«ደብተሩ ላይ የእጄ ጽሑፍ አለ።»

«ደብተሩ ላይ የመዝጋቢው ልጅ ስም ነው ያለው። እሱ ደግሞ ያን ቀን አልነበረም።»

ስለዚህ እኔም ከዝርዝሩ የለሁም። ሪፖርቱ «በመረጃ ሠራተኛዋ የፊደል ስሕተት» ብሎ ሄደ። ወሩ ሲያልቅ የማስተዋል ውል አልታደሰም።

ላፕቶፑን ከመመለሷ በፊት አንዴ ወደ ዳሴ ይዛው መጣች። «ተመልከቺ» አለችኝ። አንድ መስመር ጻፈች። ከመግጠሙ በፊት ሐ እና ኀን ሁሉ ሀ አድርግ፣ ሠን ሰ አድርግ፣ ዐን አ አድርግ፣ ፀን ጸ አድርግ የሚል ነው፤ ዘሮቻቸውንም ጨምሮ። ቁልፉን መታች። ሁለት መቶ አሥራ አራት።

«ጨረሰ?»

«ጨረሰ።»

«አንድ መስመር ነው?»

«አንድ መስመር ነው እማይ።»

ሁለታችንም ቁጥሩን እያየን ቆየን። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግታ ሄደች። መስመሩን ግን እዚያው ትታላቸዋለች። አሁን በእሷ ቦታ የተቀጠረው ልጅ እየተጠቀመበት ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ለምን እንደተጻፈም።

ማስተዋል አሁን ኮኪት ውስጥ ስልክ የሚጠገንባት አንዲት ክፍል አላት። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ሰው ያናግራታል። ነገር ግን ደንበኛ ስሙን ሲነግራት «በየትኛው ሰ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰዎች ይስቃሉ። «አንቺ ደግሞ፣ አንድ አይደሉም እንዴ?» ይሏታል። እሷ አትስቅም።

አንድ ቀን ብቻ ስለዚህ ነገር ተነጋግረናል። «እንዲያ ባልጽፈው ኖሮ» ብዬ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«እማይ፣ አንድ ናቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ።»

«አንቺም ያኔ ደብተሩን ስትጽፊ ያው ነበርሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያስተማረቻት ተማሪ።»

ሻይ ቀዳሁላት። 

በዚያው ኅዳር የአለምሰገድ ጓደኞች ወደ ጎጃም ሊመለሱ ሲሉ ወደ ዳሴ መጡ። ለእናቱ የሚያደርሱት ልብሱና ማጭዱ አለ፤ ስሙን በወረቀት ጽፈን እንድናስርበት ነው፤ እቃ ከእቃ እንዳይቀላቀል። ብዕሩን ሰጡኝ። እጄ ራሱን ችሎ ወደ ንጉሡ ሄደ፤ ለእሱ ለምዶታልና። ያዝኩት። በእሳቱ ሰ ጻፍኩ፣ ሩፊዳ ብልቃጡ ላይ እንደጻፈችው። አለምሰገድ ቸሩ። ቋጠሮው ላይ አሰርኩት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ፊደል የማንንም ስም አልጻፍኩም። እዚህ ላይም ስሙን በዚያ ፊደል የጻፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ከዛፉ ሥር እንዴት እንደጻፍኩት ላሳያችሁ ብዬ።